ድምፁን ዝጊውና እዪው

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂዋ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ትምህርት ቤታችን አንድ ፕሮጀክተር አግኝቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪዎች ፊልም ልናሳይ አስበን ስልሳ ያህል ልጆች ተመዝግበዋል። የተቸገርነው ምርጫው ላይ ነው። አንዱ ህንድ ይላል፣ አንዱ አክሽን፣ አንዱ ደግሞ ‹የአማርኛ ፊልም ከሆነ አልመጣም› ይላል። እኔም ራሴ የሚገርመኝ ነገር አለ። የህንድ ፊልም ቋንቋውን ሳልሰማ ያስለቅሰኛል። የአማርኛውን ግን እያንዳንዷን ቃል እየሰማሁ ዓይኔ ደረቅ ነው። ለምን ይሆን? የወደዱትንም የጠሉትንም ያለ ይሉኝታ ቢነግሩን።»

ያለ ይሉኝታ ካልሽማ እሺ። ግን ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ ያለ ይሉኝታ መጻፍ ቀላል አይምሰልሽ። አገር ጠባብ ነው። ዛሬ ፊልሙን ያጣጣልኩበት ሰው ነገ ለቅሶ ቤት ጎኔ ይቀመጣል። ስለዚህ በየዓመቱ ተሠርተው በየዓመቱ የሚረሱትን የአማርኛ ፊልሞች በስም አልጠራም። ትልልቆቹን እጠራለሁ። እነሱ ዱላ ይችላሉ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሪ።

መልሱን ራስሽ ጥያቄሽ ውስጥ ተናግረሽዋል። «ቋንቋውን ሳልሰማ» ብለሻል። እዚያች ላይ ትንሽ እንቆይ።

እኔ ፊልም የተማርኩት ደምበጫ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የጭቃ ቤት ነበር። መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኗል። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አንድ ሞንታርቦ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። አግዳሚው ከሞላ መሬት ላይ ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ህንድ ይታያል። አንድ እሁድ «ሾሌይ» ተከፍቶ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ሞንታርቦው ተንጫጫ። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ከዚያ ጸጥ አለ። ባለቤቱ ሳንቲሙን በጣሳ ይዞ በሩ ላይ ቆመና «የፈለገ ይውሰድና ይሂድ» አለ። ማንም አልተነሳም። ድሮስ ሂንዲ የሚሰማ ማን ነበር? ሦስት ሰዓት ድምፅ የሌለው ፊልም አየን። አሚታብ ባቻን ሲሞት ከጎኔ የነበረው ባለጋሪ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበው። ሰውየው በሬ የሚያክል ነበር። ጋቢው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከወራት በኋላ እዚያው ቤት የአማርኛ ድራማ በካሴት መጣ። ሞንታርቦው ደግሞ ታመመ። አሥር ደቂቃ አልታገስንም። «ሳንቲማችንን!» ተባለ። ምን እናድርግ? ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሌሎች ሁለት ሰዎች፣ ሌላ ሶፋ ላይ።

ስለ ፊልም መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ የያዝኩት መመዘኛ ከዚያች ቤት የወጣ ነው። ድምፁን ዝጊና አሥር ደቂቃ እዪ። የሚታይ ነገር ካለው ፊልም ነው። ከሌለው የሬዲዮ ድራማ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ፕሮጀክተር አይፈልግም። መመዘኛው ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን ኋላ አሳይሻለሁ።

እስቲ በሾሌይ እንጀምር። በ1975 የወጣ ፊልም ነው። ታሪኩን አገር ያውቀዋል። ሽፍታው ጋባር ሲንግ ሁለት እጆቹን የቆረጠበት አንድ የቀድሞ ፖሊስ፣ ፖሊስ ሳለ ይዟቸው የሚያውቃቸውን ሁለት ወሮበሎች ቀጥሮ ሽፍታውን ያሳድዳል። እኛ ጎጃም ውስጥ የሽፍታ ወሬ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። አምጃድ ካን እንደተጫወተው ያለ ሽፍታ ግን በወሬም አልሰማንም። ቢሆንም እኔ ዛሬም የምመለስባት ትዕይንት የተኩስ አይደለችም። በቤቱ ውስጥ ነጭ የለበሰች ወጣት መበለት አለች። ማታ ማታ ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አሚታብ ከታች ደጅ ላይ ተቀምጦ አርሞኒካ ይነፋል። አይነጋገሩም። እሱ ቀና ይላል፣ እሷ ፋኖሷ ላይ ትንሽ ትዘገያለች፣ መብራቱ ይጠፋል። በቃ፣ ፍቅራቸው ይህችው ናት። ያን እሁድ አርሞኒካውን እንኳ አልሰማንም፣ ግን ቤቱ ሙሉ ገብቶታል። (መበለቷን የሠራችው ጃያ በእውኑ ዓለም የአሚታብ ሚስት ናት። ይህን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ትንሽ እንደመታለል ተሰማኝ።)

ነቀፌታም አለኝ። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። የእስር ቤቱ ኮሜዲ ግማሹ ቢቆረጥ ማንም አይከስስም። መጨረሻውንም ሳንሱር አስቀይሮታል። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ የቀረጸው እጀ ቆራጣው ሰውዬ ሽፍታውን በእግሩ ሲገድለው ነበር። የህንድ ሳንሱር ግን «ፖሊስ ይረከበው» አለ። የእኛ ሰው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ደም መላሽን መጨረሻ ደቂቃ ላይ ለፖሊስ አስረክብ ማለት!

ለልጆችሽ ከህንድ አንድ ብቻ ምረጥ ብትዪኝ «ማዘር ኢንዲያ»ን እመርጣለሁ። 1957 ነው። ናርጊስ የምትሠራት እናት በአራጣ አበዳሪ ተጠፍራ፣ በሬ ሲታጣ በራሷ ትከሻ ማረሻ ትጎትታለች። ይህን የገበሬ ልጅ ሲያየው እንዴት እንደሚያይ ፊቱን እዪው። ዘፈኑ ይበዛል፣ እንባው ይበዛል። ሲበዛ ማር ይመራል። ግን መጨረሻ ላይ እናትየዋ በገዛ ልጇ ላይ የምታደርገውን አሁን አልነግርሽም። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ይከራከሩበታል። የሚቱንን «ዲስኮ ዳንሰር» ግን ተይው። በልጅነቴ ፀጉሬን እንደሱ ለማድረግ ቅቤ ተቀብቻለሁ። ዛሬ ሳየው የሚታየኝ ፀጉሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። የአማርኛ ፊልም ለምን አያስለቅስሽም? ሁሉን ስለሚነግርሽ ነው። የስልኩን ትዕይንት አስታውሺ። ስልክ ይጠራል። ልጁ ያነሳዋል። «ምን? አባቴ? ሆስፒታል? ጥቁር አንበሳ? አሁን?» ከወዲያ የሚባለውን እያንዳንዱን ነገር ይደግምልናል፣ እኛ ደንቆሮ ይመስል። ከዚያ ፒያኖ ይጀምራል። ፒያኖው «አልቅሱ» ማለቱ ነው። ሰው ደግሞ በትዕዛዝ አያለቅስም።

ቅኔ አገር ተቀምጠን ይህን መሥራታችን ይበልጥ ያናድደኛል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ሁሉም እዚሁ ናቸው። ቅኔ ሲዘረፍ ሰሙን ይሰጡሻል፣ ወርቁን አንቺ ትፈልጊዋለሽ። ያገኘው ሰው ከጥግ ሲጮህ ነው ያልገባው ነቅቶ መቆፈር የሚጀምረው። ወርቁን ቀድሞ ለሁሉም የሚያድል ባለቅኔ ማን ይሰማዋል? ፊልም ሠሪዎቻችን ግን ሰሙንም ወርቁንም ቀላቅለው በማንኪያ ያጎርሱናል።

ሌላው ቁጭቴ ገበሬው ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ሲፈለግ የሚመጣው የእኛን አነጋገር ይዞ ነው። አረንጓዴ ቁምጣ ለብሷል። ቁምጣው ላይ የካውያው መስመር ይታያል። አዲስ አበባ ገብቶ ሊፍት ይፈራል፣ ተመልካቹ ሙድ ይይዝበታል። ፋራ ለመሆን ብቻ ነው የተፈጠረው። አንድ ጊዜ በፊልም ውስጥ ሲያርስ ያየሁት «ገበሬ» መቼም አይረሳኝም። ገበሬ እርፉን በአንድ እጁ ነው የሚይዘው። ሌላው እጁ ጅራፍ አለበት። ይኼ ሰውዬ ግን እርፉ ላይ በሁለት እጁ ተንጠልጥሏል፣ ብስክሌት እንደሚለማመድ ልጅ። በሬዎቹ ገብቷቸዋል። ቆመው ወደ ካሜራው ያያሉ። በዚያ ፊልም ውስጥ ከሁሉም የተሻለ የተወኑት እነሱ ነበሩ።

አሁን ድምፁን ዘግተሽ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት» ክፈቺ። በ1976 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሄድ ፊልም ነው። ኃይሌ ያኔ አሜሪካ ተማሪ ነበር። ንጉሡ ወርደው ደርግ በገባበት ሰሞን መጥቶ፣ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን ይዞ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው። በዚህ ፊልም ገበሬው ሲያርስ ያርሳል። እጁ የት እንዳለ እዪ። ባለርስቱ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ ይጮሃል፣ ከታች ሰው ያጎነብሳል። አንዲት ቃል ሳይሰማሽ ማን ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ይጠብቃል። ተራራው ትልቅ ነው፣ ሰው ትንሽ ነው፣ ቀኑ አያልቅም። የገጠር ቀን እንደዚያ ነው።

ደግሞም ያደክማል፣ አልዋሽሽም። ከበበ የሚባለው «እብድ» ሲናገር ኃይሌ ራሱ ከኋላው ቆሞ የሚናገር የሚመስልበት ጊዜ አለ። የዚያ ዘመን የተማሪ ንግግር ነው። ቢሆንም ከበበ ዱላውን ሲያነሳ የንግግሩ ጊዜ አብቅቷል። ሙሉውን አታሳያቸው። የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ብቻ አሳይ—ይቅርታ፣ አሳዪ። ለወንድ መምህር መጻፍ ለምዶብኝ ነው። ያዛጋሉ። ያዛጉ። ከዚያ «እናትሽ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?» ብለሽ አንዷን ጠይቂያት።

«ጤዛ»ም የኃይሌ ነው። 2008 ወጥቶ ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አገኘ። በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን፣ የፌስፓኮን፣ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ብዙ ሰው ከአናት እስከ እግሩ ያወድሰዋል። እኔ ግን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ጣና ዳር ያለው ግማሽ ድንቅ ነው። አንድ እግሩን አጥቶ ከጀርመን የተመለሰው አንበርብር እናቱ ደጅ ተቀምጦ ሐይቁን ያያል። ወጣቶቹ ከውትድርና አፈሳ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ያን ዘመን ያለፈ የጎጃም ሰው ሁሉ የራሱ ዋሻ አለው። ጀርመን ያለው ግማሽ ግን ስብሰባ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ መግለጫ ይለዋወጣሉ። ድምፁን ዝጊው፣ የጣናው ግማሽ ይተርፋል። የጀርመኑ ወንበሮችን ብቻ ያሳይሻል።

«ድፍረት» ላይ ደግሞ ጠላት አፈራለሁ። 2014 ነው፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ። አሜሪካ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እውነተኛ ጉዳይ ነው። ጠልፎ የደፈራትን ሰው በገዛ ጠመንጃው የገደለች የ14 ዓመት ልጅና የተከራከሩላት ጠበቃ፣ መዓዛ አሸናፊ። ጉዳዩ ትልቅ ነው፣ ፊልሙ መካከለኛ ነው። ምክንያቱም ልጅቷን ይዞ ይጀምርና ጠበቃዋን ተከትሎ ይሄዳል። ከከተማው ቢሮ ይልቅ እኔ የልጅቷን ዝምታ ማየት ፈልጌ ነበር። ግን አሳዪው! ወንዶቹም ሴቶቹም ባሉበት አሳዪው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲፈርዱ አቁሚውና ክፍሉ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተስማማ ስሚ። መካከለኛ ፊልም ጥሩ ክርክር ያወጣል።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ግን ያለ ማመንታት። 2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይጣላል። አጎቱ በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ልጁ ደግሞ ወጥ ይሠራል፣ ሳምቡሳ ይጠብሳል። አጎቱ ይህን ሲያይ ያብዳል፤ «ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ!» ካሜራው የልጁን ጣቶች ይከተላል። በትናንሽ እጆች ሊጥ ሲታጠፍ ማየት ብቻውን ስለ ሐዘን ብዙ ይናገራል። ትንሽ ያማረ ነው፣ ተራራው እንደ ካላንደር ፎቶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይቅር ብዬዋለሁ።

አሁን ስለ ቀዳዳው። ወሬ ብቻ ሆነው ታላቅ የሆኑ ፊልሞች አሉ። የኢራኑ የአስጋር ፋርሃዲ «መለያየት» በ2011 ወጣ፣ ኦስካርም አገኘ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክርክር ነው። ባልና ሚስት ዳኛ ፊት ተቀምጠው ወደ ካሜራው ሲከራከሩ ይጀምራል። ዳኛው አይታይም፣ ዳኛዋ አንቺ ነሽ። ድምፁን ብትዘጊ ምንም አይተርፍሽም። ታዲያ ለምን ወደድኩት? ይህን ያሰላሰልኩት ቁራኛዬን ካየሁ በኋላ ነው።

«ቁራኛዬ» የሞገስ ታፈሰ ፊልም ነው፣ 2019። የጥንቱን ዳኝነት ያሳያል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ፣ ዳኛ ፊት ለመቆም አገር ያቋርጣሉ። በላ ልበልሃ የአያቶቻችን ጨዋታ ነው። ጎጃሜ ደግሞ ለአንድ ክንድ መሬት አሥር ዓመት ይሟገታል ተብሎ ይታማል። (ሐሜቱ ትክክል ነው።) በሙግት ውስጥ ቃል ወሬ አይደለም። ቃል ዱላ ነው፣ የሰነዘረው ያገኘበታል ወይ ይወድቅበታል። ያኔ ነው የገባኝ። የስልኩ ልጅ የሚናገረው ለእኛ ነው፣ ተከራካሪው የሚናገረው ግን ለባላጋራው ነው። የፋርሃዲ ሰዎች አንዲት ቃል ባወጡ ቁጥር የሆነ ነገር ይሰበራል። ደግሞ መጨረሻውን እዪ። ልጅቷ «ከአባትሽ ወይስ ከእናትሽ?» ትባላለች። መልሷን አንሰማም። አባትና እናት ኮሪደር ላይ ተለያይተው ቆመው ይጠብቃሉ። ያ ሁሉ ወሬ እዚያ ዝምታ ላይ ሊያደርሰን ነው።

አክሽን ለሚሉት ልጆችሽ «ራምቦ»ን ስጪያቸው፣ ግን የመጀመሪያውን፣ የ1982ቱን። ስለዚህ ፊልም አንድ የምናዘዘው አለኝ። ደምበጫ ውስጥ ቢያንስ ስምንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ መጨረሻውን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ባለቪዲዮ ቤቱ ተኩሱ ሲያልቅ «ይኼ ወሬ ነው» ብሎ ወደፊት ያስሮጠዋል። ካሴቱ ሲሮጥ አንድ ግዙፍ ሰው ፈጥኖ ፈጥኖ ሲንሰቀሰቅ እናይና እንስቅ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ ሳየው ሌላ ፊልም ነው። ከቬትናም የተመለሰ ወታደር ነው። ጓደኛው እጁ ላይ እንዴት እንደሞተ እየተናገረ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ፊልሙ ውስጥ በቀጥታ የሚሞተው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሬሳ የሚቆጠረው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው። የደርግ ጦር በ1983 በእኛ አቆጣጠር ሲበተን በየመንደሩ የገቡትን ሰዎች አስታውሳለሁ። ከእነሱ አንዱ የዚያ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ነበር። ያንን ክፍል ለምን ያስሮጠው እንደነበር አሁን ሌላ ጥርጣሬ አለኝ።

ብሩስ ሊ ይሁን። «ኢንተር ዘ ድራገን» የመስታወቱ ክፍል ብቻውን ይበቃል። «ታይታኒክ» ግማሹ ሶፋ የሌለው የአማርኛ ፊልም ነው፣ ሀብታም ልጅ ደሃ ልጅ። መርከቡ ሲነካ ግን ጄምስ ካሜሮን ሥራውን ያውቃል። «ብላክ ፓንተር» ልብሱ ያምራል። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ።

በሰሙነ ሕማማት ትምህርት ቤቶች የሚከፍቱትን የሜል ጊብሰን «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» ግን እባክሽ ተይው። 2004 ነው። በአረማይክና በላቲን መነገሩን አደንቃለሁ። ግን ግርፋቱ እስኪያልቅ ድረስ ሰውየው ማን እንደነበር ትረሺዋለሽ። እናቴ አንድ ጊዜ አብራኝ ጀምራው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ እስኪያልቅም አልገለጠችም። «እኔ ሕማማቱን የማውቀው በስግደት ነው» አለችኝ። ፊልሙ ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱ የጣሊያኗ ማቴራ ናት። የሚገርመው፣ ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ፓዞሊኒ እዚያችው ከተማ ከጊብሰን አርባ ዓመት ቀድሞ በ1964 የማቴዎስን ወንጌል ቀርጿል። ሰውየው በእግዜር አላምንም የሚል ነበር። ክርስቶስን ያሠራው የስፔን ተማሪን ነው፣ በዕድሜ የገፋችውን ማርያም ደግሞ የራሱን እናት። እናትየዋ መስቀሉ ሥር ስትወድቅ ደም አያስፈልግም። ያችን ትዕይንት እናቴ ነጠላዋን ሳታነሳ አይታታለች።

ለመጀመሪያዋ ቅዳሜ ምርጫዬ ቁርጥ ነው። የማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች»፣ ኢራን፣ 1997። አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ወንድምየው የእህቱን ጫማ ይጥላል። ለአባታቸው አይነግሩም፣ ምክንያቱም አባትየው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ በአንድ ሸራ ጫማ ሁለቱ ይማራሉ። እሷ ከጠዋቱ ፈረቃ እየሮጠች ትመጣለች፣ ጠባብ መንገድ ላይ ጫማ ይቀያየራሉ፣ እሱ እየሮጠ ይሄዳል። ጠዋትና ከሰዓት በፈረቃ ለሚማር ልጅ ይህን ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ከዚያ የሩጫ ውድድር አለ። የሦስተኛው ሽልማት ጫማ ነው። ልጁ ሦስተኛ ለመውጣት ይሮጣል። ለማሸነፍ ሳይሆን ሦስተኛ ለመውጣት! የእኛ ልጆች ሩጫ ያውቃሉ፣ ግን እንዲህ ያለ ሩጫ አላዩም።

ሁለተኛዋ ቅዳሜ፣ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች»፣ 1948። አባትየውን የተጫወተው እውነተኛ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሥራ ለማግኘት ብስክሌት ያስፈልገዋል። ብስክሌቱ መያዣ ሆኗል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ታስይዛለች። የመያዣ ቤቱ ሰው አንሶላቸውን ይዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ይወጣል፣ ይወጣል። እስከ ጣሪያው ድረስ የሰው አንሶላ ነው። በዚህች አንድ ትዕይንት የአንድ ከተማ ድህነት ይታይሻል። ማንም «ድሆች ነን» አላለም።

ሦስተኛው የሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» ነው፣ 1955። አንቺ የጠየቅሽኝን ጥያቄ ራይ በአንድ ደቂቃ ይመልሰዋል። ገጠር ነው፣ ቤንጋል። ልጅቷ ሞታለች። አባትየው ይህን ሳያውቅ ከሩቅ አገር ስጦታ ይዞ ይመለሳል። እቃውን አንድ በአንድ ያወጣል። ለልጅቷ ሳሪ አምጥቷል። እናትየዋ ሳሪውን ትይዝና አፏ ይከፈታል፣ ትጮሃለች። ጩኸቷ ግን አይሰማም። ራይ ድምፁን ቆርጦ አውጥቶ በምትኩ አንድ ስለታም የሙዚቃ መሣሪያ አስገብቷል። ዳይሬክተሩ ራሱ ድምፁን ዘጋው! በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ሙሾ ሲወጣ እናትየዋ ብዙ ጊዜ ዝም ያለችዋ ናት። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ብቻዬን፣ በትንሽ ላፕቶፕ ነው። ጋቢዬን ወዴት እንደሳብኩት አልነግርሽም።

ለትልልቆቹ ሴቶች የኡስማን ሴምቤንን «ጥቁሯ ልጅ» ጨምሪ። 1966 ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ከዳካር ፈረንሳይ ለሠራተኝነት የሄደች ልጅ ታሪክ ነው። ከየቤታችን ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች ስላሉ ብዙ መግቢያ አይፈልግም። ግን መጨረሻው ከባድ ነው፣ ራሷን ታጠፋለች። ቀድመሽ ብቻሽን እዪውና ለማን እንደሚሆን ወስኚ።

ልጆቹ «አይቼዋለሁ» ሲሉሽ አትመኛቸው። አሁን ሦስት ሰዓት ፊልም በአሥር ደቂቃ በአማርኛ የሚተርክ ቪዲዮ ሞልቷል። «ሰውየው ገባ፣ ገደለው፣ ልጅቷ ልጁ ሆና ተገኘች።» ያ ሰርግ ሳይሄዱ ማን እንደተጋባ እንደመስማት ነው። ወጡን የቀመሰ ሌላ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሲያልቅ «ምን ተማራችሁ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። ያን ጊዜ ሁሉም «ትዕግስት» ይልሻል። «ምን አያችሁ?» በይ። አንዱ «ዓሣ» ይልሻል። የሰማይ ልጆች መጨረሻ ላይ ልጁ የቆሰለ እግሩን ውኃ ውስጥ ሲከት የሚመጡትን ዓሣዎች ማለቱ ነው። እሱን ልጅ ያዢው።

ለዓመቱ መጨረሻ ያስቀመጥኩት የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራዮች» ነው፣ 1954። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፣ በሁለት ቅዳሜ ክፈዪው። መሀል ላይ ዕረፍት ስላለው አያስቸግርም። ሽፍታ ያስቸገራቸው ገበሬዎች ወታደር ይቀጥራሉ። ገበሬዎቹ መላእክት አይደሉም። እህል የለንም ብለው ይደብቃሉ፣ ወታደሮቹን ይፈራሉ፣ ሴት ልጆቻቸውን ይሸሽጋሉ። ፋራም አይደሉም። ገበሬ ናቸው። ከየትኛውም የአማርኛ ፊልም ይልቅ አጎቴን ያየሁት እዚያ ነው፣ ጃፓን ውስጥ፣ በዝናብ።

ስክሪን ከሌላችሁ አቡጀዴ ወጥሩ። አንሶላ አይሆንም፣ ብርሃኑ ያልፈዋል። ለሰብታይትሉ ደግሞ ፈጥኖ የሚያነብ አንድ ተማሪ መድበሽ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያንብብ፣ ግን እንዲያጋንን አትፍቀጂለት። ፊልሞቹን ማግኘት ካቃተሽ ደብረ ማርቆስ ስትመጪ ደውዪልኝ። ፍላሽ ስታመጪ ግን ሠላሳ ሁለት ጂቢ ይሁን፣ የጃፓኑ ብቻውን ብዙ ቦታ ይይዛል።